የታላቁ አፍንጫ ሞት

በርናባስ የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቀበና ሽቅብ በሚወጣው ዳገት ላይ ባለው የእናቱ ቤት በረንዳ፣ አንድ ኩባያ ቢራ አወድሶ እንደጨረሰ ነው። ቃሉ አማረ፣ ኩባያው ተጨለጠ፣ ከዚያ ሰውየው ከነወንበሩ ወደቀ፤ ሐኪም ቤትም ሳይደርስ አረፈ። በኩባያው ሥር የቀረው ለድንች የሚረጭ የተባይ መድኃኒት ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ናፍጣ አንድ ላይ የተቀቀለ ይመስል፣ ሽታው ወደ ኩባያው የቀረበውን ሁሉ ፊቱን አስዞረው።

ነገሩን ያከበደው የሟቹ ማንነት ነው። በርናባስ ቢራ እየቀመሰ በኢንተርኔት የሚናገር፣ የአዲስ አበባ ጠጪ ሁሉ በስልኩ የሚከታተለው ሰው ነበር። እኔና እናንተ ቢራን «ቀዝቃዛ ነው» ወይም «ሞቋል» ብለን እንጨርሳለን። እሱ ግን «ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጭራው ረጅም» ይላል፤ ሰሚው የሚወደሰው መጠጥ ይሁን ፈረስ ግራ ይገባዋል። ተከታዮቹ «ታላቁ አፍንጫ» ብለው ሰየሙት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ እየዋለ እያደረ የምር ሆነ።

ሳጅን ተክሌም ከዚሁ ስም ተነሥቶ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ቅምሻው እንደ ወትሮው በስልክ ተቀርጿል። ታላቁ አፍንጫ ኩባያውን አፍንጫው ሥር ይዞ ረጅም ጊዜ ሲያሸት በግልጽ ይታያል። መንገደኛ የሚሸሸውን ሽታ እሱ ሳይሰማው ሊቀር አይችልም። ስለዚህ እያወቀ ጠጣ፤ ራሱን ገደለ። ሳጅኑ ጉዳዩን ሊዘጋ ሲል እናቲቱ ሌላ መርማሪ ካልመጣልኝ አልነሣም ብለው ጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ።

እሑድ ጧት ኢንስፔክተር ዋቅቶላ መጣ። ዋቅቶላ የወለጋ ሰው ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ቢራ በከንፈሩ ነክቶ አያውቅም። ጓደኞቹ ይህን ጉዳይ ለእሱ መስጠት ለጿሚ ሥጋ ቤት ማስጠበቅ ነው ብለው ቀልደውበታል። እሱ ግን ሲያስቁት የማይስቅ፣ ሲያስቆጡት የማይቆጣ፣ ሰው ሲናገር ከንፈሩን እያየ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

የሟች እናት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። እንባቸው አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

«የንስሐ አባቴ መጥተው ነበር» አሉት። «ራሱን ያጠፋ ከሆነ ፍትሐት አይደረግለትም አሉኝ። እሳቸውም እያዘኑ ነው የነገሩኝ። ስማኝ ልጄ፤ እኔ ገዳይ አልፈልግም። ገዳዩን ለእግዚአብሔር ትቻለሁ። በርናባስ ራሱን እንዳላጠፋ ብቻ አረጋግጥልኝ። ነገ አስከሬኑን ሲያመጡልኝ እንደ ሰው ልቅበረው።»

ዋቅቶላ ልብሳቸውን ተመለከተ። ትናንት ለሞተ ልጅ ዛሬ ጥቁር መልበስ ያለ ነው፤ የእሳቸው ጥቁር ግን ከመታጠብ ብዛት ቡኒ መምታት ጀምሯል። ስለዚሁ በትሕትና ጠየቃቸው። የልጅ ልጃቸው እየሩስ፣ የታላቁ ልጃቸው የአባይነህ አንድያ ሴት ልጅ፣ ዓምና አርፋ ሙት ዓመቷን በቅርቡ እንዳወጡ ነገሩት። ምን ሆና ሞተች ሲላቸው «በድንገት» አሉና ዞር አሉ። በዚህ አገር «በድንገት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሰው ሊናገረው ያልፈለገው ነገር ነው።

ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቪዲዮውን ደጋግሞ አየ። የቅምሻው ሰዎች ራሳቸውን «የመዓዛ ማኅበር» ይሉ ነበር። አባላቱ ሦስት ናቸው፦ በርናባስ፣ እጮኛው ፌበን፣ እና ወሰን አካባቢ ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ያለው ይድነቃቸው። አባይነህ ባይጠጣም ስልኩን ይዞ ይቀርጽላቸዋል። ቅዳሜ ዕለት የፌበን ወንበር ባዶ ነው። ጠርሙሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ የበርናባስ ኩባያም ጥቁር ሸክላ ነው፣ «ዓይን አፍንጫን እንዳያታልል» የሚል ፍልስፍና ነበረውና። በጥቁር ኩባያ ሥር ምን እንዳለ ደግሞ ማንም አያይም። ኩባያው ከጧት ጀምሮ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የቤተሰቡ የድንች መድኃኒት ጓሮ ባለው ሳጠራ ቤት ይቀመጣል፤ ሁሉም ቤተኛ ነው። ማንም ሊያደርገው ይችል ነበር።

በቪዲዮው ላይ ይድነቃቸው ከአንድ ጠርሙስ ለራሱም ለበርናባስም ይቀዳል። በርናባስ ያሸታል። ዓይኑን ይጨፍናል።

«ከሩቅ፣ በወይራ የታጠነ የወተት ቅል» ይላል። «ከሥሩ ጎምዘዝ ያለ ትዝታ። ፍጻሜው ረጅም ነው።»

«ወይራው እኔም ተሰማኝ» ይላል ይድነቃቸው።

በርናባስ ይጨልጣል። የመጀመሪያውን ኩባያ መጨለጥ የማኅበሩ ወግ ነው። ዋቅቶላ ከሁሉ ይልቅ አንድ ነገር ላይ ቆየ፦ ምስሉ የሚንቀጠቀጠው በርናባስ ሲወድቅ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ገና ሲናገር ነው።

አባይነህን ያገኘው እንጦጦ ወገብ ላይ፣ በባሕር ዛፉ መሐል፣ ድንች በሚያበቅልበትና ላሞች በሚያረባበት ቦታ ነው። ከድንኳኑ ተነሥቶ የመጣው ለማለብ ነበር፤ ላም ለቅሶ አታውቅም። ሃምሳን የተሻገረ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጎጆው ግድግዳ ላይ የልጁ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ለእንግዳው ወተት በጣሳ ሰጠው። ዋቅቶላ ሲጠጣው የእናቱ ቤት ትዝ አለው፤ ትዝታውን ግን ለጊዜው ለብቻው ያዘ።

«ወንድምዎ ራሱን የገደለ ይመስልዎታል?»

«አልገደለም» አለ አባይነህ ቶሎ።

«እንዴት አወቁ?»

«ታናሼን አውቀዋለሁ» ብሎ ወደ ላሞቹ ሄደ።

ይድነቃቸውን ወሰን፣ ከጋራዦች ጀርባ ባለው መጥመቂያው ውስጥ አገኘው። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። በርናባስ ባለፈው ክረምት የእሱን ቢራ «የሰርግ ማግስት ድንኳን» ብሎት፣ ስሙ በከተማው መሳቂያ ሆኖ እንደነበር ዋቅቶላ ሰምቷል። ቂም ይዘህበታል የሚሉ እንዳሉ ሲነግረው ይድነቃቸው ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነበር እኮ። በርሜሎቹን በደንብ አላጠብናቸውም ነበር፤ እሱ ደረሰበት። ያ አፍንጫ አይሳሳትም፣ ኢንስፔክተር።»

«ቅዳሜ ዕለትስ፣ ከእሱ ኩባያ የሚመጣው ሽታ አልተሰማዎትም?»

ይድነቃቸው እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«ተሰምቶኛል። ገና ስቀዳው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? እሱ ወይራ ነው አለ። እኔ ናፍጣ ይሸታል ልበል? በማኅበራችን ‹ይሸታል› ማለት ነውር ነው። ይህን ቃል ያወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዲናገር አይፈቀድለትም፣ ሕጋችን ነው። መዓዛ ነው የሚባለው። የኔ ኩባያ ውስጥ ወይራ የሚባል አልነበረም። ግን ተሰማኝ አልኩ። ከእሱ ላለማነስ ብዬ ተሰማኝ አልኩ።»

ይህን ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እኔም ስጽፈው ያናድደኛል። አንድ ቃል፣ ሕፃን ልጅ የሚያውቃት ቃል፣ አንድን ሰው ከሞት ትመልስ ነበር። የተማሩት ሰዎች እሷን ለማለት አፈሩ።

ዋቅቶላ ወደ ቀበና ተመልሶ የበርናባስን ክፍል አስከፈተ። በርናባስ ማንንም የማያስገባበት፣ ቁልፉን ከኪሱ የማይለየው ክፍል ነበር። በሩ ሲከፈት ሳጅን ተክሌ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አልጋው ሥር፣ በትክክል ከትራሱ በታች፣ የሞተ አይጥ ነበር፤ ከሞተ ሰንብቷል። አልጋው ደግሞ በየቀኑ የተተኛበት ነው፣ አንሶላው ገና አልተነጠፈም። ሳጅኑ ስለ ቤት ጽዳት ማጉረምረም ጀመረ። ዋቅቶላ ግን አይጡን አይቶ አዘነ። የከተማው ታላቅ አፍንጫ በዚህ ላይ ተኝቶ ያድር ነበር።

ፌበን ከደብረ ብርሃን፣ ከአክስቷ ለቅሶ፣ ያን ቀን ማምሻውን ገባች። ከአንዱ ለቅሶ ወደ ሌላው። መጀመሪያ ላይ ስለ በርናባስ ችሎታ ልትነግረው ሞከረች። ዋቅቶላ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ስለ አይጡ ብቻ ነገራት። ልጅቱ እንባዋ ወረደ።

«ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ምንም አይሸተውም ነበር» አለች። «ይመለሳል እያልን ጠበቅን፤ አልተመለሰም። ሥራው ነው፣ ስሙ ነው፣ እንዴት ይናገር? እኔ ጓዳ ገብቼ ቀድሜ እቀምሳለሁ፤ ቃሉን እሰጠዋለሁ፤ እሱ ያሳምረዋል። ካራሜል፣ ቫኒላ፣ ሎሚ፣ ሁሉም የኔ ነው። የይድነቃቸውንም ድንኳን ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ቅዳሜስ?»

«ደወለልኝ። ለቅሶ ላይ ስለነበርኩ አላነሣሁም።»

ዋቅቶላ የቅዳሜውን ጠርሙስ ትራፊ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ሰጣት። አሸተተች፣ ጥቂት ቀመሰች። የተቆላ ብቅል እና ትንሽ ቴምር አለው አለች። ወይራ ይኖረው እንደሆነ ጠየቃት።

«የለውም። ጢስ የሚባል የለውም። በቪዲዮው ላይ ሲለው ሰምቼ ገርሞኛል። የወተት ቅል እኔ የት አውቃለሁ? ወተት በላስቲክ ነው የማውቀው።»

ሰኞ ጧት፣ አስከሬኑ ከሆስፒታል ሊመጣ ሲል፣ ዋቅቶላ የሚመለከታቸውን ሰዎች ሳሎን ውስጥ ሰበሰበ። እናቲቱ ከንስሐ አባታቸው አጠገብ ተቀመጡ። ይድነቃቸው በሩ ጋ፣ ፌበን መስኮቱ ሥር ሆኑ። አባይነህ ከእናቱ ፊት ለፊት በዱካ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ከውጭ የእድርተኛው ድምፅ ይሰማል።

«አባ» አለ ዋቅቶላ ወደ ቄሱ ዞሮ፣ «በርናባስ ራሱን ገደለ የተባለው ሽታውን እያወቀ ጠጣ ተብሎ ነው። በርናባስ ግን ሽታ አያውቅም ነበር። ከወረርሽኙ ወዲህ አፍንጫው ሞቷል። የሞተ አይጥ ላይ ተኝቶ ያድር ነበር፤ ፌበንም መስክራለች።»

ይድነቃቸው ቀና አለ።

«ይህ ብቻውን አይበቃም» ሲል ቀጠለ ዋቅቶላ። «የማይሸተው ሰውም ራሱን ሊገድል ይችላል። ግን በርናባስ ከመጠጣቱ በፊት አንድ ነገር ተናገረ፤ የወይራ ጢስ አለው አለ። ቢራው ውስጥ ወይራ የለም። እሱ ራሱ ምንም አይሸተውም። ፌበን ሩቅ ነበረች። ታዲያ ወይራ ከየት መጣ? ሌላ ሰው ነገረው። ያ ሰው ኩባያው እንግዳ ነገር እንደሚሸት አስቀድሞ ያውቃል፤ አጠገቡ ያለው ሰው እንዳይደነግጥ መሸፈኛ ቃል ሰጠው። ራሱን የሚገድል ሰው፣ አባ፣ የሚያታልለው ሰው አያስፈልገውም።»

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምስጋና ነበር። ዋቅቶላ ይህን ሲያይ እዚህ ላይ ቢቆም ወደደ። እሳቸው የለመኑት ይህን ብቻ ነበር። ግን አልቆመም፤ መቆም አይችልም ነበር።

«ገዳዩ የአፍንጫውን መሞት የሚያውቅ ሰው ነው። ባያውቅ ኖሮ ይህን መድኃኒት አይመርጥም፤ ጤነኛ አፍንጫ ያለው ሰው አይጠጣውምና። ይድነቃቸው አያውቁም ነበር። ቢያውቁ ኖሮ ቂማቸውን ለመወጣት መርዝ አያስፈልጋቸውም፤ ይህን ወሬ መልቀቅ ብቻ ይበቃቸው ነበር። ደግሞም የሌለውን ወይራ ተሰማኝ ያሉት ያንን አፍንጫ ስለሚያመልኩ ነው። ፌበን ታውቃለች፤ ነገር ግን እሷ ለቅሶ ላይ ነበረች፣ ያ ቃልም የእሷ አይደለም። በወይራ የታጠነ የወተት ቅል የሚለውን ቃል የሚሰጥ ሰው ቅሉን አጥኖ የሚያውቅ ሰው ነው። እሑድ ዕለት የዚያን ቅል ወተት ጠጥቻለሁ። የእናቴ ቤት የላም ወተትም እንደዚያ ይሸት ነበር።»

ማንም ወደ ዱካው አላየም። ሁሉም ግን የት እንደማያይ ያውቅ ነበር።

«ምስሉ የተንቀጠቀጠው» አለ ዋቅቶላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድምዎ ሲወድቅ አይደለም፣ አቶ አባይነህ። ሲናገር ነው።»

አባይነህ አልካደም። የተናገረውም ለኢንስፔክተሩ አልነበረም፤ ዓይኑ እናቱ ላይ ነበር።

«ዓምና አንድ ሰው ስም የሌለው ጠርሙስ አመጣለት። አሽትቶ ‹ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ እናት እቅፍ› አለ። እንደ ቀማሽ ደንብ በጥቂቱ ቀምሶ ተፋው። እየሩስ ግን አጎቷን ታምናለች። እንደ እሱ ልትሆን ትፈልግ ነበር። የተረፈውን ወስዳ ጠጣችው። ማታ ዓይኔ ጨለመ አለችኝ፤ በማግስቱ ሞተች። ጠርሙሱን ከቀበርናት በኋላ አገኘሁት። ስከፍተው ቀለም ማቅጠኛ ነው የሸተተኝ። ሕፃን እንኳን አይጠጣውም ነበር፣ አጎቷ ባያወድሰው። ያን ዕለት አፍንጫው እንደሞተ ገባኝ።»

«አልነገርከኝም» አሉ እናቱ።

«እሱ እንዲነግርሽ ነበር የጠበቅኩት። ጠየቅኩት እማዬ። ‹አይሸተኝም ነበር፣ ስለዚህ ሞተችብህ› ይለኛል ብዬ ጠየቅኩት። ‹መዓዛው ልክ ነበር› አለኝ። ዓመቱን ሙሉ መዓዛው ልክ ነበር አለኝ። ቅዳሜ ጧት መድኃኒቱን ኩባያው ውስጥ አደረግኩ። ፌበን ስልክ አላነሣ ስትለው ጓዳ መጣና ጉንፋን ይዞኛል፣ ምን ልበል አለኝ። ወይራ የታጠነ ቅል በል አልኩት። አይሸተኝም ቢል፣ የማላውቀውን አልናገርም ቢል፣ ኩባያውን ከእጁ ልቀማው ነበር። እየቀረጽኩ ጠበቅኩት። እጄም ሄዶ ነበር። እሱ ግን አለው። ያልኩትን ሁሉ አለው።»

ፌበን ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ይድነቃቸው ወለሉን ያያል። በሳሎኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከአንድ ውሸት የየድርሻውን ወስዷል፤ ከሁሉም የሚያሳዝነው ሟቹ ነበር፣ ስሙ እንዳይቀር ሲል የወንድሙን ልጅ ከዚያም ራሱን ያጣ።

ቄሱ ተነሡ። ፍትሐቱ እንደሚደረግ፣ ካህናቱን እንደሚጠሩ ለእናቲቱ ነገሯቸው። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የቄሱን መስቀል ተሳለሙ።

«ለሞተው የለመንኩትን አገኘሁ» አሉ። «ለዚህኛውስ አባ? ለቆመው የሚደረገው ምንድን ነው?»

ከውጭ መኪና ቆመ፣ የእድርተኛው ድምፅ ተነሣ፣ የሴቶቹ ልቅሶ ቀለጠ። ዋቅቶላ ወደ አባይነህ አንድ እርምጃ ተራመደ። እናቲቱ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ልቅሷቸው አሁን መጣ፤ ሦስት ሰው የሚያለቅሱለት ነበራቸው። በዚያው እንባ ውስጥ ሆነው ወደ ታላቁ ልጃቸው ዞሩ።

«ተነሥ» አሉት። «ሬሳው መጥቷል። ከፊት ሆነህ ተሸከመው፤ ሌላ ወንድም የለውም።»

አባይነህ ተነሣ።